«ኢንተረስት» ሲባል የትኛው?

ለዚህ ወር የቋንቋ ዓምዳችን አንድ የእንግሊዝኛ ስም ይዘንላችሁ ቀርበናል። ስሙ እንግዳ አይደለም፤ ከተማሪም ከነጋዴም፣ ከሾፌርም ከቤት እመቤትም አፍ የማይጠፋው «ኢንተረስት» ነው። የመረጥነውም ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ቀላል መስሎ ብዙ ነገር ስለሚሸከም ነው።

በእኛ ቃሊቲ የሚሰማውን እንኳ ብንወስድ፣ በመናኸሪያው አካባቢ የሚውል ወጣት «የመማር ኢንተረስት የለኝም» ይላል። በጉምሩክ በኩል ዕቃ የሚያስወጣ ነጋዴ «የባንኩ ኢንተረስት አንገቴን ያዘኝ» እያለ ያማርራል። ከወንድሞቹ ጋር ወፍጮ የተከለ ሌላ ሰው ደግሞ «በወፍጮው ውስጥ እኔም ኢንተረስት አለኝ» ይላል። ሦስቱም ቃሉን ያለ ስሕተት ተጠቅመውበታል። ነገር ግን የመጀመሪያው የተናገረው ስለ ልቡ ዝንባሌ፣ ሁለተኛው ስለ ወለድ፣ ሦስተኛው ስለ ድርሻው ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ርቀት የቋንቋ ርቀት ብቻ አይደለም፤ የሐራምና የሐላል ርቀት ነው።

ጉዳዩ ለምን አሳሰባችሁ ትሉን ይሆናል። በአካባቢያችን አይሱዙ ወይም ባጃጅ በዱቤ የሚገዛ፣ ሱቁን ለማስፋት ገንዘብ የሚፈልግ አባት ብዙ ነው። የውሉ ወረቀት ግማሹ በእንግሊዝኛ ሆኖ ሲመጣ አባት የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፤ አጠገቡ የሚያገኘውም ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጁን ነው። ልጁ ደግሞ ቃሉን የሚያውቀው «ፍላጎት» በሚለው ትርጉሙ ነው። «ኢንተረስት ፍሪ» የሚለውን ሐረግ «ነፃ ፍላጎት» ብለው የተረጎሙ ተማሪዎች በክፍላችን አጋጥመውናል። በፈተና ወረቀት ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት አንድ ነጥብ ያስቀንሳል። በውል ወረቀት ላይ ግን ንብረትን ብቻ ሳይሆን ዲንንም ይነካል።

የቃሉ ሥር

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ነው። በላቲን «ኢንተር» መካከል ማለት ሲሆን «ኤሴ» ደግሞ መሆን ወይም መኖር ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «በመካከል መኖር» የሚል ፍቺ ይሰጣሉ። በሁለት ነገሮች መካከል የሚገኝ ነገር ልዩነት ያመጣልና ቃሉ ቀስ በቀስ «ልዩነት ያመጣል፣ ይመለከተዋል፣ ይገደዋል» ወደሚል ትርጉም አደገ። ዛሬ ያሉት ትርጉሞች ሁሉ የዚህ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ ቃሉን ባገኘን ቁጥር «እዚህ በመካከል ያለው ምንድን ነው?» ብለን ብንጠይቅ መንገዱ አይጠፋብንም። ይህን ጥያቄ አንባብያን እስከ መጨረሻው እንድትይዙልን እንለምናለን።

አራቱ ዋና ትርጉሞች

አንደኛው ትርጉም የልብ ዝንባሌ ነው። «ኢንተረስት ኢን ሂስትሪ» ሲባል የታሪክ ፍላጎት ማለት ነው። በመካከል ያለው በሰውየውና በነገሩ መካከል የተፈጠረ መሳሳብ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን የሚሰናከሉበትን አንድ ነገር እናስታውስ። ፍላጎት እንዳለው ለመናገር «አይ አም ኢንተረስቲንግ» የሚል ተማሪ «እኔ ማራኪ ሰው ነኝ» ብሎ ራሱን ማወደሱ ነው። ሊል የፈለገው «አይ አም ኢንተረስትድ» ነበር።

ሁለተኛው ጥቅም ወይም ደህንነት ነው። «ፐብሊክ ኢንተረስት» የሕዝብ ጥቅም፣ «ሰልፍ ኢንተረስት» የግል ጥቅም ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሰጠናል። በአንቀጽ 49 ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላት መብት በእንግሊዝኛው «ስፔሻል ኢንተረስት» ሲባል፣ በአማርኛው «ልዩ ጥቅም» ተብሏል። ከኦሮሚያ ጋር ለምንዋሰን የቃሊቲ ሰዎች ይህ ሐረግ ሩቅ አይደለም። በአንቀጽ 36 ደግሞ ስለ ሕፃናት በሚናገረው ክፍል «ቤስት ኢንተረስት» የሚለው ሐረግ በአማርኛው «ደህንነት» ሆኗል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1989 በተባበሩት መንግሥታት ከጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጋር አንድ ሲሆን፣ አገራችንም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላዋለች። ባልና ሚስት ተለያይተው ስለ ልጅ አስተዳደግ በሚነጋገሩበት ጊዜ ይህን ቃል «የልጁ ፍላጎት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ልጅ የሚፈልገው ሁሉ የሚበጀው አይደለምና! በሸሪዓ ዑለማዎቻችን «መስለሓ» የሚሉት ከዚህ ከሁለተኛው ትርጉም ጋር ይቀራረባል።

በዚሁ ትርጉም ሥር ሁለት የሚምታቱ ቃላት አሉ። «አንኢንተረስትድ» ማለት ነገሩ የማይስበው፣ የሰለቸው ሰው ነው። «ዲስኢንተረስትድ» ግን በነገሩ ውስጥ የግል ጥቅም የሌለው፣ ስለዚህም ሳያዳላ መፍረድ የሚችል ሰው ነው። ቃዲ «ዲስኢንተረስትድ» ሊሆን ይገባዋል፤ «አንኢንተረስትድ» ከሆነ ግን የባለጉዳዮቹን አቤቱታ እያዛጋ ነው የሚሰማው!

ሦስተኛው ድርሻ ነው። «አን ኢንተረስት ኢን ኤ ካምፓኒ» ሲባል በድርጅቱ ውስጥ ያለ የባለቤትነት ድርሻ ማለት ነው። በመካከል ያለው የጋራ ንብረት ነው፤ ወፍጮው ቢያተርፍ ባለድርሻው ያተርፋል፣ ቢከስር ይከስራል። ይህ በኢስላም «ሙሻረካ» ከሚባለው የሽርክና ንግድ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ «ኢንተረስት» የሚለውን ባየ ቁጥር «ሐራም ነው» ብሎ የሚሸሽ ሰው ከሐላል ሽርክናም ሊሸሽ ይችላል።

አራተኛው ወለድ ነው። «ኢንተረስት ኦን ኤ ሎን» ማለት በብድር ላይ የሚከፈል ወለድ ነው። በመካከል ያለው በተበደርነውና በምንመልሰው ገንዘብ መካከል ያለው ብልጫ ነው። እዚህ ዕቃ የለም፣ ሥራ የለም፣ የጋራ ኪሳራም የለም፤ ያለው የጊዜ ማለፍ ብቻ ነው።

ወለድ ምን ይወልዳል?

አማርኛችን ነገሩን «ወለደ» ከሚለው ግሥ አውጥቶ «ወለድ» ማለቱ የሚገርም ነው። ገንዘብ ገንዘብን ይወልዳል ማለቱ ነው። የጥንት ግሪኮችም ለልጅና ለወለድ «ቶኮስ» በሚል አንድ ቃል ይጠቀሙ ነበር። ፈላስፋው አሪስጣጣሊስ ወለድን የነቀፈው ገንዘብ ለመለዋወጫ እንጂ ለመዋለድ አልተሠራም በሚል ምክንያት ነው።

በዐረብኛ «ሪባ» የሚለው ቃል ሥረ መሠረቱ መጨመር፣ ከፍ ማለት ነው። በሱረቱል በቀራ 265ኛ አንቀጽ የተጠቀሰው ከፍታ ቦታ «ረብዋ» የተባለው ከዚሁ ሥር ነው። ይበልጥ የሚደንቀው ግን 276ኛው አንቀጽ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በዚያ አንቀጽ ሪባን እንደሚያጠፋ፣ ሶደቃን ግን እንደሚያሳድግ ሲነግረን፣ ለሶደቃው ማደግ የተጠቀመው ግሥ ከሪባ ሥር የወጣ ነው። በሰው ዓይን የጨመረው ይጠፋል፤ የጎደለ የመሰለው ያድጋል። ከዚያ በፊት ባለው 275ኛ አንቀጽ ንግድ መፈቀዱና ሪባ መከልከሉ በግልጽ ተነግሯል።

ወለድ እንዴት እንደሚዋለድ ለማየት ልጆቻችን በሒሳብ ትምህርት የሚያገኙትን ስሌት እንውሰድ። አንድ ሰው 100,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ቢበደርና ለ5 ዓመት ምንም ሳይከፍል ቢቆይ፣ ወለዱ በዋናው ገንዘብ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ 175,000 ብር ይመልሳል። ይህ «ሲምፕል ኢንተረስት» ይባላል። ወለዱም በየዓመቱ እየተደመረ ወለድ የሚወልድ ከሆነ ግን ዕዳው ከ201,000 ብር ያልፋል። ይህኛው «ኮምፓውንድ ኢንተረስት» ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የ26,000 ብር ልዩነት የመጣው ከአንድ ቅጽል ነው። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 130ኛ አንቀጽ እጥፍ ድርብ እየሆነ ስለሚሄደው ሪባ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ከዚህ ስሌት ጎን አስቀምጦ ማሰብ ይጠቅማል። አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ይህን ስሌት መማር አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። መርዝን የማያውቅ ከመርዝ አይጠነቀቅምና ይማር እንላለን።

እዚህ ላይ «ፕሪንሲፓል» የሚለውንም እናንሣ። በትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ በባንክ ደግሞ ዋናው ገንዘብ ነው። በ279ኛው አንቀጽ ተውበት ያደረገ አበዳሪ የሚመለስለት ዋና ገንዘብ በዐረብኛው «ራስ» በሚለው ቃል ነው የተጠራው። የእኛ «ርእስ»ም የእነርሱ «ራስ»ም ዘመዳሞች ናቸው።

በስም መለወጥ የገባው

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የክርስቲያን ቤተ ክህነት በብድር ላይ ትርፍ መቀበልን ትከለክል ነበር። የተከለከለውም «ኡሱራ» ይባል ነበር። ነገር ግን ተበዳሪው በቀኑ ባለመክፈሉ አበዳሪው ጉዳት ቢደርስበት ካሣ እንዲቀበል የሕግ ሊቃውንቱ ፈቀዱ። በደረሰበትና ሊደርስበት ይገባ በነበረው መካከል ያለ ልዩነት ነው ብለውም «ኢንተረሴ» አሉት። በጊዜ ብዛት ለመዘግየት ካሣ ተብሎ በጠባብ በር የገባው ቃል ቤቱን በሙሉ ወረሰው። ዛሬ እንግሊዝኛ «ዩዠሪ» የሚለው ከመጠን ያለፈውን ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሁሉ «ኢንተረስት» ተብሎ በክብር ይጠራል።

በአገራችንም ተመሳሳይ ክፍፍል አለ። «አራጣ» ሲባል ሁሉም ይጸየፈዋል፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 ያስቀጣበታል። «ወለድ» ግን ሕጋዊ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰዎች በመካከላቸው ለሚያደርጉት ብድር በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይስማሙ ወሰን አበጅቶለታል። በሸሪዓ ግን ጥቂቱም ብዙውም ሪባ ነው። ስለዚህ «አራጣ አይደለም፣ ወለድ ነው» የሚለው አባባል ለወንጀል ሕጉ መልስ ይሆን ይሆናል እንጂ ለአላህ መልስ አይሆንም።

«ፍሪ» የሚለው ቅጥያ

አማራጩ ለረጅም ጊዜ ጠባብ እንደነበረ እናስታውሳለን። ብዙ ሙስሊም ገንዘቡን ወይ በቤቱ ያስቀምጥ፣ ወይም ባንክ አስገብቶ ወለዱን አልፈልግም ይል ነበር። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 592/2000 ከወለድ ነፃ ለሆነ አገልግሎት በር ከፈተ። ብሔራዊ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ መደበኛ ባንኮች አገልግሎቱን በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ለማቋቋም ተጀምሮ የነበረው ጥረት በዚሁ ምክንያት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኦሮሚያ ኢንተርናሽናል ባንክና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መስኮቱን ከፈቱ፤ ሌሎችም ተከተሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሙሉ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ። ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክም እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀመሩ። አልሐምዱ ሊላህ!

ይሁን እንጂ «ኢንተረስት ፍሪ» የሚለው ስም ሁለተኛ ስሕተት ፈጥሯል። አንዳንድ ሰው «ፍሪ» ሲባል ምንም የማይከፈልበት ይመስለውና፣ ባንኩ በሚሸጥለት መኪና ላይ ትርፍ ሲጨምር «ታዲያ ይህ ከወለድ በምን ተለየ?» ብሎ ይቆጣል። ለቃሊቲ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። በጉምሩክ «ዲዩቲ ፍሪ» ሲባል ዕቃው በነፃ ይሰጣል ማለት ሳይሆን ቀረጥ የለበትም ማለት ነው። «ፍሪ» ነፃ የሚያወጣው ከፊቱ ካለው ቃል ብቻ ነው። «ኢንተረስት ፍሪ»ም ከወለድ ነፃ ነው እንጂ ከዋጋና ከትርፍ ነፃ አይደለም።

ልዩነቱን የሚያሳየንም ያ የያዝነው ጥያቄ ነው፤ በመካከል ያለው ምንድን ነው? «ሙራበሓ» በሚባለው ሽያጭ ባንኩ መኪናውን አስቀድሞ በራሱ ስም ይገዛል፤ የገዛበትን ዋጋና የሚጨምረውን ትርፍ ነግሮ ይሸጥልናል። ባንኩ እስኪሸጥልን ድረስ መኪናው ቢጠፋ ወይም ቢቃጠል ኪሳራው የባንኩ ነው። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላም ዘገያችሁ ተብሎ አያድግም። በመካከል ዕቃ አለ፣ ኃላፊነትም አለ። ባንኩ ዕቃውን ሳይገዛ ገንዘብ ብቻ ሰጥቶ በወረቀቱ ላይ «ፕሮፊት» ብሎ ቢጽፍ ግን፣ ስሙ ተለወጠ እንጂ በመካከል ያለው ያው ጊዜ ብቻ ነው። የየውሉን ፍርድ ለዑለማዎች ትተን፣ እኛ በቋንቋ በኩል የሚታየውን እንጠቁማለን።

ወረቀቱ እጃችን ሲገባ

አንድ ቃል በጎረቤቱ ይታወቃል። ከ«ኢንተረስት» አጠገብ «ሬት»፣ «ፐርሰንት»፣ «ፐር አነም» ወይም «ሎን» ካያችሁ ወለድ ነው። በብዙ ቁጥር «ኢንተረስትስ» ተብሎ ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅሞች፣ ድርሻዎች ወይም ዝንባሌዎች ናቸው፤ የገንዘብ ወለድ በእንግሊዝኛ በብዙ ቁጥር አይጻፍምና።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ወለድ የለም የሚል ውል በመጨረሻው ገጽ «ኦቨርዲዩ» ወይም «ዲፎልት» ከሚሉት ቃላት ጎን ሊያስገባው ይችላል። «በቀኑ ካልከፈልክ» ማለታቸው ነው። ያ የመካከለኛው ዘመን ጠባብ በር እስከ ዛሬ አልተዘጋም! ስለዚህ ውልን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ማንበብ አይከፋም። «ዜሮ ኢንተረስት» የሚል ማስታወቂያ ስታዩም የእጅ በእጁን ዋጋና የዱቤውን ዋጋ ለይታችሁ ጠይቁ፤ ብትዘገዩ ዋጋው ይጨምር እንደሆነም በጽሑፍ አስመልሱ። በስልክ ብድር ሲቀርብላችሁ «ፊ» ወይም «ሰርቪስ ቻርጅ» የተባለው ከገንዘቡ መጠንና ከቀኑ ብዛት ጋር እያደገ የሚሄድ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ይሁን ከመቀበላችሁ በፊት የምታምኑትን ዓሊም አማክሩ።

ለወላጆች አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ ሲያነብላችሁ አታጣድፉት። «ምን ይላል ባጭሩ?» ከማለት ይልቅ «ይህ ቃል ከዚህኛው ጋር ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁት። አላውቅም ካለም አትቆጡት፤ አላውቅም ያለ ልጅ ገምቶ ካነበበ ልጅ ይበልጣል። ወረቀቱን ይዞ ወደ መምህሩ ወይም ወደሚያውቅ ሰው ይሂድ። የዛሬ ፊርማ ለነገ ቢዘገይ የሚጠፋው አንድ ቀን ነው።

ለተማሪዎቻችንም እንዲህ እንላለን። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ 282ኛው ሲሆን ስለ ዕዳ ውል አጻጻፍ ነው የሚናገረው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ አላህ እንዳሳወቀው ለመጻፍም እምቢ እንዳይል ያዝዛል። በሙስሊም ሶሒሕ ውስጥ በተዘገበው ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሪባን የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚያበላውን፣ ጸሐፊውንና ሁለቱን ምስክሮች ጭምር ረግመዋል። እንግዲህ በሁለት ተዋዋዮች መካከል ብዕር ይዞ የተቀመጠ ሰው ቦታው ቀላል አይደለም፤ ወይ በትእዛዙ ሥር ነው፣ ወይ በእርግማኑ ሥር። ለአባቱ ወይም ለእናቱ ውል የሚያነብ ልጅም በዚያ መካከል ነው የተቀመጠው። ስለዚህ እንግሊዝኛችሁን ለፈተና ብቻ አትማሩት።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር በሌላ ቃል እስክንገናኝ፣ አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ዕውቀታችንን ጠቃሚ ያድርግልን። አሚን። ወቢላሂ ተውፊቅ።